«እንደ ልጃችን ናት»

ይህን የምጽፈው አንድ በደል ተመዝግቦ እንዲቀመጥ ስለምፈልግ ነው። በወጣትነቴ በኖርኩበት ቤት ሶስና የምትባል ልጅ ነበረች። ለዲግሪዋ መመረቂያ ብላ፣ በቦሌ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶችን እየዞረች ጠየቀች፣ ጻፈች፣ ቆጠረች። የጎረቤቱን ቆጠረች፣ የማዶውን ቆጠረች፣ የራሷን ቤት ግን ዘለለችው። በዚያ ቤት ልብሷን የማጥበው፣ ቁርሷን የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ሳልቆጠር የታለፍኩት እኔ ነኝ።

ማንም አልመታኝም፤ ጦሜን ያደርኩበት ቀንም የለም። እንዲያውም ያዩኝ ሁሉ «ታድለሽ» ይሉኝ ነበር። ለዚህ ነው ነገሩ እስከ ዛሬ ሲከነክነኝ የኖረው። በዱላ የተበደለ ሰው ሰንበሩን ያሳያል። በመልካም ቃል የተበደለ ምን ያሳያል?

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ የልጅ ልጄ ሜላት ናት። ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመት የሶሲዮሎጂ ተማሪ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ከግቢ ወጥታ ልትጠይቀኝ መጣች። እዚህ ቦሌ ሚካኤል፣ ደጃፌ ላይ የረፋድ ፀሐይ እየሞቅን፣ እኔ ምስር እለቅማለሁ፣ እሷ ስልኳን ትነካካለች። «እማማ፣ አሳይመንት አለብኝ፤ ስለ ቤት ሠራተኞች ነው። ኮንዶሚኒየሞቹን ልዞር ነው» አለችኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ለወሬ ያህል፣ እናትሽ ቤት ያለችውን ትዕግሥትንስ ጠየቅሻት ወይ አልኳት።

«ኧረ እማማ ደግሞ፣ ቲጂ እኮ እንደ ቤተሰብ ናት» ብላ ሳቀች።

ምስሩን አስቀመጥኩ። ያቺን ቃል አውቃታለሁ፤ የሜላት እናት ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ነው የማውቃት። ስልክሽን መቅጃው ላይ አድርጊና እዚህ በርጩማው ላይ አስቀምጪው አልኳት። ያን ቀን የነገርኳትን ነው አሁን የምጽፈው፤ ለእሷ ያሳጠርኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌዋለሁ።

የሶስና እናት ወይዘሮ በላይነሽ የሩቅ ዘመዳችን ናቸው። ለአጎታቸው ተዝካር ተጉለት፣ እኛ መንደር ድረስ መጥተው ሳለ አዩኝ። እኔ ያን ጊዜ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ከዚያ በላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በቅርብ ስላልነበረ ቤት ውዬ ነበር። አዲስ አበባ ልውሰዳት ሲሉ አባቴ ቶሎ እሺ አላለም። ሁለት ቀን አሰበበት። በሦስተኛው ቀን እጄን ይዞ ወስዶ አስረከባቸውና፣ ልጄ ፊደል ትወዳለች፣ ትምህርቷን እንዳታስቋርጡብኝ አላቸው። እሳቸውም ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው፣ «በሚካኤል ይሁንብኝ፣ እንደ ልጄ አድርጌ ነው የማስተምራት» አሉ። እዚያው ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያቺ ቃል መጀመሪያ ቃል ኪዳን ነበረች።

ቤታቸው ሩዋንዳ ከሚባለው ሰፈር ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። ዙሪያው በጽድ የታጠረ፣ ጓሮው ውስጥ የኮክ ዛፍ ያለበት ቪላ። የዛሬውን መስታወት በመስታወት የሆነ ሩዋንዳ ለሚያውቅ ሰው ለመናገር ይቸግራል፤ ያን ጊዜ ከግቢያችን ወጥተን ወደ ቦሌ ሚካኤል ስንወርድ መንገዱ ላይ ከብት ይግጥ ነበር። ክረምት ሲሆን ጫማችንን አውልቀን በእጃችን ይዘን ነው ጭቃውን የምንሻገረው። አውሮፕላኖቹ ከጣሪያችን በላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። አውሮፕላን ሲመጣ ሁሉም ሰው ወሬውን ያቋርጣል፣ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። ጠብ ላይ ያለ ሰው እንኳ ይጠብቃል። ለቦሌ ሰው ይህ እንደ ማስነጠስ ያለ ነገር ነበር።

የቤቱ ጌታ ጋሼ የአውሮፕላን ማረፊያው የጭነት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ፤ ጋዜጣቸውን የሚያነቡ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። ልጆቹ ሶስናና ታናሽ ወንድሟ ዮናስ ናቸው። እኔና ሶስና እኩያ ነበርን። እትዬ በላይነሽን «እርስዎ» እላለሁ፣ ሶስናን ግን ከመጀመሪያው ቀን «ሶሲ» አልኳት፤ እሷም «ብርቄ» አለችኝ። አንድ ኮክ ለሁለት ገምጠን በልተናል።

ትምህርቴ ግን አልተጀመረም። በመጀመሪያው ዓመት ቤቱን ልመጂ ተባልኩ። በሁለተኛው ዮናስ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ስለሆነ ቤት ውስጥ ሰው ያስፈልጋል ተባለ። ከዚያ ሶስና ዩኒቨርሲቲ ገባችና ደግሞ የእሷ ትምህርት ሰበብ ሆነ። ቀን ቀን የማይቻል ከሆነ ማታ ልማር አልኩ። ቦሌ ሚካኤል የማታ ትምህርት ነበር፤ ዘበኛው፣ ሹፌሩ፣ የእኔ ብጤዋ ሁሉ ይሄዳል። እትዬ በላይነሽ ጣታቸውን አወዛወዙ።

«ሴት ልጄን በጨለማ አልሰድም። አንቺ እንደ ልጄ ነሽ።»

ምን ትላላችሁ? ፍቅር ነው እኮ። በዚያው ሳምንት ሶስና ከቤተ መጻሕፍት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስትመጣ የግቢውን በር የከፈትኩላት እኔ ነኝ። በነጋታው፣ እትዬ፣ ሶሲስ በጨለማ ትመጣ የለ እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው። እሷማ ሌላ ናት አሉ፤ እሷማ ዩኒቨርሲቲ ናት።

እውነቱን ለመናገር የሶስና ትምህርት ለእኔም ተርፎልኛል። ፈተና ሲደርስ ወጥ ቤት መጥታ፣ የዕቃ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ። ሰው በማኅበር ውስጥ ስላለው ቦታ፣ ባህል ስለሚባለው ነገር፣ ድሃ ለምን ድሃ ሆኖ እንደሚቀር። አንዳንዱ ነገር ለምን መጽሐፍ እንዳስፈለገው አይገባኝም ነበር። አንዳንዱ ግን እጄን ከሽንኩርቱ ላይ ያስቆመኛል። ደግመሽ አንብቢው እላታለሁ። ደግማ ታነባለች። ያን ጊዜ ዓይኔ የሚያለቅሰው በሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም፤ ቅናትም ነበረበት። ክፉ ቅናት አልነበረም፤ የሰው ማዕድ ሲሸት እንደሚመጣው ዓይነት ራብ ነበር።

የመጨረሻው ዓመት ላይ መመረቂያ ጽሑፍ ጻፉ ተባሉ። ሶስና ርዕሷን ይዛ ስትመጣ እየዘለለች ነበር፤ በቦሌ ሰው ቤት ተቀጥረው ስለሚሠሩ ሴቶች ልትጽፍ። ለአስተማሪዋ፣ እኔ እዚያው ነው የምኖረው፣ አውቃቸዋለሁ ብላዋለች። እንደማታውቃቸው የገባት የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው።

ወስጄ ያስተዋወቅኳት እኔ ነኝ። ቦሌ ሚካኤል ወፍጮ ቤት ነበር፤ የየቤቱ ሠራተኛ እህሏን ተሸክማ እዚያ ትመጣለች፣ ተራ እስኪደርስም በየጆንያዋ ላይ ተቀምጣ የሰፈሩን ወሬ ታወራለች። ጊዜው የዐቢይ ጾም መሐል ነበር፣ የመጋቢት ፀሐይ ጭንቅላት ይበሳል። ውስጡ የበርበሬና የሽንብራ ሽታ፣ ዱቄቱ የሴቶቹን ቅንድብ አንጥቶት ሁሉም አሮጊት መስለዋል። ሶስና ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መጠየቅ ጀመረች። በቤቱ ተቀጥረሽ ነው የምትሠሪው?

የመጀመሪያዋ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ኧረ የለም፣ እኔ እንደ ልጃቸው ነኝ» አለች።

ሁለተኛዋም እንደ ልጃቸው ነበረች። ሦስተኛዋን እንኳን እንደ እህታቸው ነው የሚያዩዋት። እንዲህ እያለ እስከ በሩ ደረሰ። ሳልነግራችሁ የማላልፈው ነገር፣ አንዳቸውም አልዋሹም። «ገረድ» የሚባለው ቃል ስድብ ነው፤ ማን በገዛ አፉ ራሱን ይሰድባል? ተቀጥሬ ነው ማለትም አገር ቤት ያለውን አባት ማዋረድ ነው። ደግሞም እመቤቶቻቸው ለእንግዳ ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው። እኔም ብጠየቅ ያን ቀን ያንኑ እል ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ሶስና መንገድ መሐል ቆመች። «ብርቄ፣ ጉዴ ፈላ። ቦሌ ውስጥ እኮ አንድም የቤት ሠራተኛ የለም።» ሆዳችንን ይዘን እዚያው ሜዳ ላይ ተቀምጠን ሳቅን። ሲያልቅ ደግሞ ትኩር ብላ አየችኝ።

በሳምንቱ ተመልሰን ሄድን። ያን ዕለት ደብሪቱ ነበረች፤ በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ካለ አንድ ትልቅ ቤት የምትሠራ፣ ከሁላችንም በዕድሜ ከፍ ያለች፣ ምላሷ የማይያዝ ሴት። ሶስና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት። እንደ ልጃቸው ነኝ አለች ደብሪቱም። ሶስና ተስፋ ቆርጣ ልትጽፍ ስትል ጨመረችበት።

«ቆይ እንጂ፣ የትኛው ልጅ እንደሆንኩ ጻፊ። ትልቁ ሐኪም ሊሆን ይማራል። መካከለኛዋ ፒያኖ ትመታለች። ትንሹ ይታዘላል። እኔ የምታዝለዋ ልጅ ነኝ።»

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ከየነጠላው ዱቄት ቦነነ። ከዚያ አውሮፕላን መጣና ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ጠበቅን። ሲያልፍ የሚስቅ ሰው አልነበረም። አንዷ ቀስ ብላ፣ እኔ የምተኛው ዕቃ ቤት ነው አለች። ሌላዋ ወንድሟ ሲሞት ለለቅሶ እንዳልሄደች ተናገረች። ሶስና አንገቷን አቀርቅራ ጻፈች። ጎበዝነቷን አልክድም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቀጥረሽ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ ጣለችው። ማን ቀድሞ ይነሣል፣ የት ትበያለሽ፣ ስትታመሚ ማን ያስታምምሻል ብላ መጠየቅ ጀመረች። እመቤቶቹንም እቤታቸው እየሄደች ጠየቀች። ከሁለት ወር በላይ ለፋች። እኔም አብሬያት ለፋሁ፤ የማይናገሩትን አናገርኩላት።

ፋሲካ አልፎ፣ ሥራው አልቆ ለመተየብ ሊሰጥ ሲል፣ ጓሮ ልብስ እየጨመቅኩ ሳለ ወረቀቶቿን ይዛ መጣች። ቤቶቹን በተራ ነበር የጻፈቻቸው። እኔም በቅን ልቦና፣ «የእኛ ቤት ስንተኛው ነው?» አልኳት።

«የእኛ?»

«አዎ፣ የእኛ።»

«አንቺማ ብርቄ… አንቺ እኮ እንደ እህቴ ነሽ።»

የያዝኩት የእሷ ሹራብ ነበር። ውኃው እስኪያልቅ ጨመቅኩት። ያቺን ቃል ከእትዬ በላይነሽ ስሰማት ኖሬያለሁ፤ እሳቸው የሚሉትን አያውቁም ብዬ አልፋታለሁ። ሶስና ግን ታውቃለች። የደብሪቱን ቀልድ በገዛ እጇ ጽፋዋለች። ዕቃ ቤት የምትተኛዋን ጽፋለች። የሰውን ቤት ጓዳ ሁሉ ለአስተማሪዎቿ ልታሳይ፣ የእናቷን ቤት ልትሸፍንበት የያዘችው መጋረጃ ያችው ቃል ናት። የሸፈነችው ደግሞ በእኔ ላይ ነው።

አላለቀስኩም፤ አልተጣላሁም። ሹራቡን ገመዱ ላይ አሰጣሁና፣ «እሺ፣ እትዬ ሶስና» አልኩ።

በነጋታው ቁርስ አቀረብኩ። «እትዬ ሶስና፣ ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝብዎ።» ዞር ብላ ከኋላዋ ያለ ሰው ፈለገች። እኩያዬ ናት፤ አንድ ኮክ ለሁለት ገምጠናል። ጋሼ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው ሹመት ተገኘ እንዴ ብለው ሳቁ። እትዬ በላይነሽ እንዲያውም ደስ አላቸው፤ ብርቄ ሥርዓት እየያዘች ነው አሉ። ሶስና ብቻ ዳቦዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

እኔ ከያዝኩ አልለቅም። ጠዋት «እትዬ»፣ ማታ «እትዬ»። ጫማዎን ልወልውልዎ? ዣንጥላዎን ይያዙ እንጂ። ብርቄ ተይ ስትለኝ ምን አጠፋሁ እትዬ እላታለሁ። ለሌላ አገር ሰው ይህ ምን ቅጣት እንደሆነ አይገባው ይሆናል፤ «አንቺ» ያልሽውን ሰው አንድ ቀን ተነሥተሽ «እርስዎ» ስትዪው በሩን በፊቱ እንደ መዝጋት ነው። ደግሞ ሊከስሽ አይችልም፤ ያከበርሽው ነው የሚመስለው። በመልካም ቃል የዘጋችብኝን በር በመልካም ቃል ዘጋሁባት።

የሰበራት ግን የእኔ አንደበት ብቻ አልነበረም። አንድ ከሰዓት የክፍል ጓደኞቿ ሊያጠኑ መጡ። በሰሐን ቆሎ አቅርቤ፣ «እትዬ ሶስና፣ ለእንግዶችዎ ሻይ ልጨምርላቸው?» አልኩ። ከልጆቹ አንዷ ቅንድቧን ሰቅላ፣ «ሶሲ፣ እኩያሽን 'እትዬ' ታስብያለሽ? ያንን ሁሉ ጽፈሽ?» አለቻት። ሶስና እስከ ጆሮዋ ቀላች።

ልጆቹ እንደሄዱ ልብስ ማጠቢያው ጋ ተከትላኝ መጣች። እስከ መቼ ነው ይህ ነገር አለችኝ። እስኪወስኑ ድረስ ነው አልኳት።

«ምኑን ነው የምወስነው?»

«እህትዎ ከሆንኩ መስከረም ላይ እንደ እርስዎ ትምህርት ቤት እገባለሁ። ሠራተኛ ከሆንኩ ይቁጠሩኝ። ከሁለት አንዱን ይስጡኝ እንጂ፣ ሁለቱንም መንሣት ግፍ ነው፣ እትዬ ሶስና።»

የማጠቢያው ድንጋይ ላይ እርጥቡ ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷ ተበላሸ። እማዬ ትገለኛለች አለች። እርጥብ ቀሚሷን እየጨመቀች፣ እንግዲያው እማዬንም መጠየቅ አለብኝ አለች፤ በሌላው ቤት ሠራተኛዋም እመቤቷም ተጠይቀዋል፣ የእኛም እንደዚያው ይሆናል። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩላት። ሰው ቤት ሄዶ መጠየቅ ቀላል ነው። የእናትን በር እንደ እንግዳ ማንኳኳት ግን ሌላ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ተበልቶ እትዬ በላይነሽ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ለትምህርቷ ልጠይቅሽ ስትላቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሶስና ወረቀቷን ዘርግታ፣ በሌላው ቤት እንዳደረገችው፣ «ስምዎ ማን ይባላል?» አለች።

«ዛሬ ደግሞ አንቺ ለእኔ 'እርስዎ'? ይህ በሽታ ቤቱን ገብቶታል» ብለው ሳቁ። እየሳቁ ስማቸውን፣ ሰፈራቸውን ተናገሩ። ባለቤታቸው የት እንደሚሠሩ ተናገሩ። እኔ የብርጭቆ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ደርሻለሁ። አልገባሁም፤ አልተመለስኩምም።

በቤትዎ ሠራተኛ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። የለም አሉ እትዬ፣ ያለችው ብርቄ ናት፣ እሷ እንደ ልጄ ናት። ሶስና ያንን ጻፈች። ገጹን ገለበጠች። ቀጥሎ የነበረው ተራ ጥያቄ ነው፤ በየቤቱ የጠየቀችው፣ ማንም የማይቸገርበት።

«ልጆችዎ ስንት ናቸው?»

«ሁለት» አሉ እትዬ በላይነሽ።

አውሮፕላን አላለፈም። አንድ እንኳ ቢያልፍ ለሦስታችንም በጎ ነበር። ሶስና ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እናቷን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። እትዬ ያሉትን የሰሙት ካሉት በኋላ ነው። እጃቸው ነጠላቸውን ያዘ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ያዘ። ቀስ ብለው ወደ በሩ ዞሩ፤ አዩኝ። ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት፣ እጄ ነጻ እንዲሆን።

«እትዬ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ ወይስ ሠራተኛዎ?»

«ሂጂ ድስቱን እዪው» አሉኝ፣ «እንዳያርር።»

እሳት ላይ ምንም አልተጣደም ነበር።

ሶስና ቤታችንን ጻፈችው። እናትና ልጅ ለብዙ ቀን በሰላምታ ብቻ ዋሉ። ሐምሌ ላይ ጥቁር ካባዋን ለብሳ ተመረቀች። ዝናቡ እየወረደ በግ ታረደ፣ ዘመድ ተሰበሰበ፣ እኔም ከማንም በላይ እልል አልኩ። ከልቤ ነው እልል ያልኩት። ያችን ዲግሪ ሽንኩርት እየላጥኩ አብሬያት ተምሬያታለሁ። «እትዬ» ማለቱንም ቤታችንን የጻፈች ዕለት ትቼዋለሁ።

የእኔ ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም። ክረምቱን ሙሉ ደጋግሜ ጠየቅኩ። አንዴ እንግዳ ይመጣል፣ አንዴ ራሳቸውን ያማቸዋል። በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ አንድ ዝናባማ ከሰዓት፣ እኔ ጎመን ስቀነጥስ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ሳልጠይቃቸው መናገር ጀመሩ። እሳቸውም አክስታቸው ቤት ነው ያደጉት፤ እንደ ልጅ። አክስታቸው ልጆቻቸውን ቄስ ትምህርት ቤት ሲልኩ እሳቸው እንጨት ለቅመዋል። «ፊደል እንኳ አላስቆጠሩኝም። ይኸው፣ ምን ሆንኩ?» አሉኝ።

ምንም አልሆኑም እትዬ አልኳቸው። ግን መቁጠሩን ፈልገው ነበር?

ጎመኑን ከእጄ ወስደው ጥቂት ቀነጠሱ። ከዚያ ተነሥተው ሄዱ። ያን ቀን ድስቱን እዪ አላሉኝም።

ጳጉሜን ገባ። የማታው ትምህርት ምዝገባ የሚያበቃው አዲስ ዓመት ሳይገባ ነበር። ደብሪቱ ማታ ማታ የሚለቁኝ ሰዎች ቤት አግኝታልኛለች፤ እኔም ልብሴን በነጠላ ቋጥሬያለሁ። መሄድ አልፈልግም ነበር፤ ያ ቤት ያደግኩበት ነው፣ የኮኩን ዛፍ እንኳ እወደዋለሁ። ግን ሰው ራሱን ሁለት ጊዜ አያታልልም። በመጨረሻው የምዝገባ ቀን ጠዋት፣ ጳጉሜን ዝናብ ጠበል ነው ብለው የጎረቤት ልጆች ግቢ ውስጥ እየጮኹ ሲታጠቡ፣ ጫማዬን አድርጌ ሳሎን ገባሁ። ጋሼ በጋዜጣቸው ኋላ ናቸው። ሶስና መስኮቱ ጋ ቆማለች። እትዬ በላይነሽ ለዘመን መለወጫ ያጠቡትን መጋረጃ ያጣጥፋሉ።

ምዝገባው ዛሬ እንደሚያበቃ ነገርኳቸው። «እትዬ፣ እንደ ልጅም ይስደዱኝ፣ እንደ ሠራተኛም ይስደዱኝ፣ እሄዳለሁ። እንደ ምንም ሆኜ ግን አልቀመጥም» አልኩ።

ጋዜጣው ቀስ ብሎ ወረደ። እትዬ መጋረጃውን አጥፈው ጨረሱ፣ አስቀመጡት፣ ቋጠሮዬን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ መልስ ሰጡኝ።

የሆነው ሁሉ ከዚያች መልስ ነው የሆነው። በዚያው ጠዋት ጭቃውን ተሻግሬ ቦሌ ሚካኤል ወርጄ ተመዘገብኩ። ከዘበኞችና ከሹፌሮች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣብቤ ሰባተኛን፣ ከዚያ ስምንተኛን ጨረስኩ። ከዚያ በላይ አልሄድኩም፤ ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣ። ግን በስምንተኛ ክፍል ወረቀቴ ለበረራ ምግብ ከሚያዘጋጅ ወጥ ቤት ተቀጠርኩ፣ ጡረታ እስክወጣም በሰዓት ገብቼ በሰዓት ወጣሁ። ይህችን ቤት የሠራሁት በዚያ ነው። የሜላትን እናት ያስተማርኩትም በዚያ ነው።

ከሶስና ጋር አሁንም እንገናኛለን። ሁለታችንም ሽበት አውጥተናል፤ በሠርግም በለቅሶም ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። የእናቷ መልስ ግን እስከ ዛሬ ያጣላናል። እሷ ያን ጠዋት በእናቴ አፈርኩ ትላለች፤ ጨካኝ ቃል ነበር፣ በእቅፏ ያደገች ልጅ እንዲያ አትባልም ትላለች። እኔ ደግሞ በዚያ ቤት ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ የማከብረው እሱን ነው። አዎ፣ ወግቶኛል። መንገድ ላይ አልቅሻለሁ። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬ ድንጋይ ረገጠ፤ ያን ያህል ዓመት ረግረግ ላይ ነበር የቆምኩት። ሰው ምን እንደሆነ ካልተነገረው ምን እንደሚገባው በምን ያውቃል? እትዬ በላይነሽ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸው ራሳቸው ይህን የሚላቸው ሰው አላገኙም። ያላገኙትን ነው የሰጡኝ። ይህን ለሶስና ስነግራት ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ ዲግሪዋ ለዚህ አልረዳትም።

ሜላት ስልኩን ወደ እኔ አስጠጋችው። ምስሩ ሳይለቀም ፀሐዩ ከደጃፉ ሸሽቷል። ስለ ትዕግሥት አላነሣሁባትም፤ እሷም አላነሣችም፣ ግን ጣቶቿን ስታፍተለትል አያታለሁ።

«እሺ እማማ፣ ምን አሉሽ?»

ያሉኝን ነገርኳት። እትዬ በላይነሽ ዓይን ዓይኔን እያዩ እንዲህ ነው ያሉኝ፤

«ሠራተኛዬ ነሽ። ሥራሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል።»